አቡነ ኢየሱስ ሞዐ፦ በቃኝን ሥርዓት ያደረጉ የሐይቅ መምህር

ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በደቡብ ወሎ ዞን ተሁለደሬ ወረዳ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በኢትዮጵያ የትምህርት፣ የሥነ ጽሑፍና የመንግሥት ታሪክ ከፍ ያለ ስፍራ ካላቸው ቅርሶች አንዱ ነው። ገዳሙን ለዚህ ክብር ያበቁት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት መነኩሴ፣ መምህርና ጸሐፊ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። ስማቸው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ካስተማሯቸው ታላላቅ ሰዎችና ከዘመኑ የሥርወ መንግሥት ለውጥ ጋር ነው። ሆኖም የሕይወታቸው ታሪክ ዛሬ ዓለም በእጅጉ የሚጨነቅበትን አንድ ጥያቄም ይነካል፤ ይኸውም ሰው ከምድር ምን ያህል ቢወስድ በቃኝ ሊል ይገባዋል የሚለው ነው። ለሩቅ ገበያ ሲባል ታላላቅ ደኖች በሚመነጠሩበት በአሁኑ ጊዜ፣ በአንድ ሐይቅ መካከል የጸናው የልከኝነት ሥርዓት ምን እንዳተረፈ መመልከት ተገቢ ነው።

ልደትና ትምህርት

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1214 ገደማ በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በዳኅና ምድር ነው። ጊዜው የዛጔ ነገሥታት ሀገሪቱን የሚያስተዳድሩበት ነበር። ስለ ሕይወታቸው የሚተርከው ገድል የተጻፈው ካረፉ ብዙ ዘመን በኋላ በመሆኑ ታሪክና ትውፊት ተዋሕደውበታል። የታሪክ ተመራማሪዎችም የሕይወታቸውን ዋና ዋና ምዕራፎች ከገድሉ፣ ከገዳሙ መጻሕፍትና በእነርሱ ኅዳግ ላይ ከተመዘገቡት ማስታወሻዎች አሰባስበዋል።

ዕድሜያቸው 30 ዓመት ገደማ ሲሆን ወደ ትግራይ ተጉዘው ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም ገቡ። በዚያም በአባ ዮሐኒ ሥር ሆነው ለሰባት ዓመታት ያህል ሥርዓተ ምንኩስናን ተማሩ፤ የመጻሕፍት ቅዳ ሥራንም ለመዱ። ደብረ ዳሞ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ሲሆን መውጫው ገመድ ነው። እህሉም ሆነ የግንባታው እንጨት ከታች ወደ ላይ መሳብ አለበት። የሚጠጣው ውኃ በዐለት ላይ በተፈለፈሉ ጉድጓዶች የሚጠራቀም የዝናብ ውኃ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚኖር ሰው የእያንዳንዱን ቁና እህልና የእያንዳንዱን እንስራ ውኃ ዋጋ ያውቃል፤ ያለ ልክ መውሰድም ሆነ ማባከን አይችልም። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከዚህ አምባ ይዘው የወረዱት የቆብና የመጻሕፍት ዕውቀት ከዚህ የኑሮ ልክ ጋር የተሳሰረ ነበር።

በሐይቁ ደሴት

እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወደ ሐይቅ መጡ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም እስከ 88 ሜትር የሚደርስ ነው። ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደውን ውኃ ይቀበላል እንጂ ወደ ውጭ የሚያፈስሰው ወንዝ የለውም። ከአካባቢው ኮረብታ የታጠበ አፈርም የመጨረሻ ማረፊያው የሐይቁ ወለል ነው። በአካባቢው ያለው የአምባሰል ምድር ግሸን አምባን የያዘ፣ ጃንጥራር በሚባሉ ባላባቶች ሲተዳደር የኖረና ከሐይቅ ጋር በታሪክም በኑሮም የተሳሰረ ነው።

በዚያን ጊዜ ገዳሙ ያለበት ስፍራ ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር። የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከእርሳቸው በፊት እንደነበረ ትውፊቱ ይናገራል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዚህ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ መነኮሳትን አሰባስበው የተደራጀ ገዳምና ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ተማሪዎች ንባብ፣ ጽሕፈትና የመጻሕፍት ትርጓሜ ይማሩ ነበር፤ ከዚህም ጋር የምንኩስና ኑሮን ይለማመዱ ነበር። የዚህ ኑሮ መሠረቱ የግል ሀብትን መተው፣ ለሥጋ የሚያስፈልገውን በጥቂቱ መውሰድና የቀረውን ጊዜ ለጸሎት፣ ለሥራና ለትምህርት ማዋል ነው። በአማርኛ በቃኝ ማለት የሚባለው ጠባይ በዚያ የአንድ ሰው ትሩፋት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የማኅበሩ ሁሉ ሥርዓት ሆነ።

ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ስሙ የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሲሆኑ፣ በሐይቅ አሥር ዓመት ገደማ ከቆዩ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ እንደሄዱና ኋላም በሸዋ በደብረ ሊባኖስ ስም የታወቀውን ገዳም እንደመሠረቱ ይታወቃል። የጣና ዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱት አቡነ ሂሩተ አምላክም ከሐይቅ ደቀ መዛሙርት መካከል እንደነበሩ ትውፊቱ ያስረዳል። በዚህ መልክ በአንድ ደሴት ላይ የተጀመረው ትምህርት ወደ ሸዋና ወደ ጣና ደሴቶች ተስፋፋ።

ቤተ መንግሥትና ሀብት

እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ሲይዙ የዛጔ ዘመነ መንግሥት አበቃ። ንጉሡ በወጣትነታቸው ከሐይቅ ገዳም ጋር ቅርበት እንደነበራቸውና ከአቡነ ኢየሱስ ሞዐ እንደተማሩ ትውፊቱ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ገዳሙ በቤተ መንግሥት ዘንድ ትልቅ ክብር አገኘ። የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕረግ የሚጠራ ሲሆን፣ ይህም ማዕረግ በተከታዮቹ መቶ ዓመታት ከነገሥታቱ አማካሪዎች ከፍተኛው እስከ መሆን ደረሰ። ከክብሩ ጋርም ርስትና ስጦታ መጣ።

በዚህ ላይ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ሕይወት አንድ ከባድ ፈተና ያሳያል። ምንም የግል ሀብት የሌላቸው ሰዎች የኖሩበት ገዳም ራሱ ባለ ብዙ ሀብት ሆነ። ሀብትን የናቀ ማኅበር ሀብት ሲከተለው ሊያደርገው የሚችለው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ለምቾት ያውለዋል፣ ወይ ለሚተላለፍ ነገር ያውለዋል። ከአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን እስከ ዛሬ የተረፈው ማስረጃ ሁለተኛው እንደተመረጠ ያመለክታል፤ ከእርሳቸው የቀረው ቤተ መጻሕፍትና የተማሪ ትውልድ ነውና።

የብራናው ዋጋ

ከቤተ መጻሕፍቱ ሀብቶች ዋነኛው በስማቸው የሚጠራው ወንጌል ነው። ይህ የአራቱ ወንጌላት የብራና መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1280 እና በ1281 መካከል ለገዳሙ የተሠራ ሲሆን፣ ዘመናቸው በውስጣቸው ከተመዘገበ ጥንታዊ ባለ ሥዕል የኢትዮጵያ መጻሕፍት አንዱ ነው። በውስጡ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕል ይገኛል፤ በሕይወት ሳሉ የተሣለ በመሆኑም ለሥነ ሥዕል ታሪክ ልዩ ዋጋ አለው። በመጽሐፉ ቅጠሎች ላይ የተጻፉት ማስታወሻዎች ስለ ገዳሙ ንብረትና ስለ መጻሕፍቱ መረጃ ይሰጣሉ።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የዘመኑን የፍጆታ ልክ ለመረዳት ያግዛል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በውኃ ይነከራል፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ እየተፋቀ ይለሰልሳል፣ ደርቆም በልክ ይቆረጣል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከሌሎች ቅመሞች ይዘጋጃል፤ ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ እንስሳት ቆዳና የብዙ ወራት ድካም ያስፈልጋል። ስለዚህ መጽሐፍ የሚሠራው በጥንቃቄ ነው፤ የተሠራውም ይጠበቃል፣ ሲጎዳ ይጠገናል፣ ለተተኪው ይተላለፋል። ይህ መጽሐፍ ከ700 ዓመታት በላይ አገልግሏል። ዛሬ በፋብሪካ ተመርቶ፣ በአንድ ወቅት ተገልግለውበት የሚጣለው ዕቃ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር በሁለቱ ዘመናት መካከል ያለው የአስተሳሰብ ርቀት ይታያል። አንደኛው ከተፈጥሮ የወሰደውን ለማቆየት ይደክማል፤ ሁለተኛው ቶሎ እንዲያልቅና ሌላ እንዲገዛ ይሠራል።

ዕረፍታቸውና የገዳሙ ቀጣይ ዕድል

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አረፉ። መታሰቢያቸው በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። ከእርሳቸው በኋላም ገዳሙ የሊቃውንት መፍለቂያ ሆኖ ቀጠለ፤ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖሩት ታላቁ ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም በዚሁ ተምረዋል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተነሣው ጦርነት የኢማም አሕመድ ሠራዊት በታንኳ ወደ ደሴቱ ለመሻገር ተዘጋጀ፤ ገዳሙም ያከማቸውን ወርቅና ውድ ዕቃ አጣ። ወርቁ ሄዷል፤ ወንጌሉ ግን ቀርቷል። ገዳሙም ከጦርነቱ በኋላ ሕይወቱን ቀጠለ።

ሐይቁ በወለሉ የመዘገበው ታሪክ

የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ገድል ስለ ደን የተጻፈ መጽሐፍ አይደለም። በእርሳቸው ዘመን የአካባቢው ተራሮች ምን ይመስሉ እንደነበር የሚናገረው የሐይቁ ወለል ነው። ከዛፎችና ከሣሮች የሚበንነው የአበባ ብናኝ በውኃው ላይ ወድቆ በዝቃጩ ውስጥ በየዘመኑ እየተደራረበ ስለሚቀመጥ፣ ተመራማሪዎች ዝቃጩን በመቆፈር የጥንቱን ዕፅዋት ታሪክ ያነባሉ። ከሐይቅና ከአጎራባቹ አርዲቦ ሐይቅ በተወሰደ ዝቃጭ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት የመጨረሻዎቹን 3,000 ዓመታት ሂደት አሳይቷል።

በጥናቱ መሠረት አካባቢውን ሸፍኖ የነበረው የዝግባና የጥድ ደን የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ለ1,800 ዓመታት ያህል ተራሮቹ እንደ ክትክታ ባሉ ቁጥቋጦዎችና በሣር ተሸፍነው ኖሩ። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ገደማ ባለው ጊዜ ጥድና ወይራ ያለበት ደን ተመልሶ ተስፋፋ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ እንደገና ተመነጠረ፤ የአፈር መሸርሸሩም በረታ።

ይህ ግኝት ሁለት የተለመዱ አስተሳሰቦችን ያርማል። የመጀመሪያው ጥንት ሁሉም ደን ነበረ፣ ጥፋቱ የቅርብ ዘመን ብቻ ነው የሚለው ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወደ ሐይቅ ሲመጡ የተመለከቱት ኮረብታ በአመዛኙ አስቀድሞ የተራቆተ ነበር ማለት ይቻላል። ሁለተኛው አንድ ጊዜ የጠፋ ደን አይመለስም የሚለው ነው። የወሎ ተራሮች ፋታ ባገኙ ጊዜ ደን እንደተመለሰባቸው ሐይቁ ራሱ ይመሰክራል።

የተጠበቀውና የተራቆተው

ዛሬ የገዳሙ ስፍራ ከየብስ ጋር የተያያዘ ልሳነ ምድር ሲሆን በሀገር በቀል ዛፎች የተሸፈነ ነው። በዙሪያው ያለው የእርሻ ምድር ግን በአብዛኛው ዛፍ የለውም። ልዩነቱን የፈጠረው የአየር ጠባይ ወይም የአፈር ዓይነት አይደለም። በአንደኛው ስፍራ ዛፍን ለግል ጥቅም መቁረጥ የሚከለክል ሥርዓት ስላለ ነው። ይህ በሐይቅ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች የተደረገ ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግቧል። ከአካባቢው የጠፉ ብዙ ዝርያዎች የቀሩት በእነዚህ ትናንሽ ደኖች ውስጥ ነው።

ይህ ሲባል የአምባሰልና የሐይቅ ገበሬ በስግብግብነት ደኑን አጠፋ ማለት አይደለም። ገበሬው ዛፍ የሚቆርጠው ለማገዶ፣ ለቤት መሥሪያና ለእርሻ ማስፋፊያ ነው፤ መሬቱ ጠባብ፣ የሚመገበው ቤተሰብ ብዙ ነው። ወሎን በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በ1977 ዓ.ም. የመታው ረሀብ የተራቆተ ተራራ ለድርቅ ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነ በከባድ ዋጋ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በወሎ ተራሮች እርከን ተሠርቷል፤ የተራቆቱ ኮረብታዎች ከከብትና ከመጥረቢያ ተከልለዋል። ገበሬው ገቢ ለማግኘት ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ ባሕር ዛፉም የቀረውን ሀገር በቀል ዛፍ ከመጥረቢያ ያሳርፋል፤ ነገር ግን ውኃን በብዛት ስለሚጠጣና ከሥሩ ሌላ ተክል ስለማያበቅል የቀድሞውን ደን አይተካም። በእጦት ለሚቆርጥ ሰው መፍትሔው አማራጭ ማገዶ፣ የተሻለ ምርትና ገቢ እንጂ ወቀሳ አይሆንም።

ከሐይቅ እስከ ዝናብ ደኖች

የዝናብ ደኖች ጥፋት ግን ከዚህ የተለየ ምክንያት አለው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2020 ባለው ጊዜ በዓለም ላይ 420 ሚሊዮን ሄክታር ደን ወደ ሌላ የመሬት አጠቃቀም ተለውጧል። ይህም የኢትዮጵያን ቆዳ ስፋት አራት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ለዚህ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት ነው። በአማዞን ለከብት ግጦሽና ለአኩሪ አተር፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ለዘንባባ ዘይት ሰፋፊ ደኖች ተመንጥረዋል። ዘይቱ በሳሙና፣ በብስኩትና በመዋቢያ ቅባት ውስጥ ገብቶ በሩቅ ሀገር ይሸጣል። ገዢው ዛፉን አያይም፤ ኩባንያው የደኑን ዋጋ በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ አያስገባም፤ ትርፉ የባለ አክሲዮኖች ሲሆን ጉዳቱ ደኑን ተጠግቶ ለሚኖረው ሕዝብና ለቀጣዩ ትውልድ ይቀራል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ የሀገሪቱ ክፍል በከፋ፣ በሸካና በያዩ የሚገኙት እርጥብ ደኖች የአረቢካ ቡና መገኛ ናቸው፤ የዱር ቡና ዝርያዎችም በዛፎቻቸው ጥላ ሥር ይበቅላሉ። ከፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግበዋል። ደኖቹ ለሻይና ለቡና ተክል እርሻ መመንጠር እንዲሁም የሰፈራና የእርሻ መስፋፋት ጫና አለባቸው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ከተመነጠረ መሬት የተገኘ ቡና፣ ካካዋ፣ የዘንባባ ዘይትና ሌሎች ምርቶች በገበያው እንዳይሸጡ ይከለክላል። ስለዚህ የቡና ደኑን መጠበቅ የተፈጥሮ ጉዳይ ከመሆኑ በላይ የንግድ ህልውና ጉዳይ ሆኗል።

ሕይወታቸው ለዛሬ ያለው ትርጉም

የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ታሪክ ሁሉም ሰው እንዲመንን አይጠይቅም። የሚያሳየው የአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ብቻውን ደንም ሆነ መጽሐፍ እንደማያቆይ ነው። ሰውየው ያልፋል፤ የሚቀረው ትክክለኛውን ልክ የሚወስን፣ የሚያስተምርና ለተተኪ የሚያስረክብ ሥርዓት ነው። በሐይቅ ነገሥታት ተለዋወጡ፣ ጦርነት መጣ፣ ወርቅ ተወሰደ፣ ደሴቱም ከየብስ ተያያዘ። ሥርዓቱ የጠበቃቸው ብራናውና ዛፎቹ ግን እስከ ዛሬ አሉ።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በየዓመቱ ብዙ ችግኝ እንዲተከል አድርጓል። ችግኝ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ የተተከለው ደን እንዲሆን ግን የብዙ ዓመታት ጥበቃና ሕዝቡ የተስማማበት የአጠቃቀም ልክ ያስፈልገዋል። በዚህ ረገድ የገዳማትና የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች የዘር ምንጭ፣ የመስጊድ አጸዶችና የአካባቢ ሽማግሌዎች የሚያስከብሯቸው የጋራ መሬቶችም የጥበቃ አርአያ ሊሆኑ ይችላሉ። የሐይቅን ገዳም የሚጎበኝ ሰውም የስፍራውን ሥርዓት ማክበር፣ ፕላስቲክና ቆሻሻ አለመጣል፣ ከዛፎቹም ምንም አለመቁረጥ ይጠበቅበታል። መውጫ የሌለው ሐይቅ የሚጣልበትን ሁሉ ይዞ ይቀራልና።